በአማርኛ ብቻ ያመመን

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚችለው እኔ ብቻ ነኝ። ለብቻ ደግሞ አይወራም።

በስደት፣ አዲስ አበባ ያሳደገችን እናታችን ናት። ስናለቅስ ታቅፈናለች። ትንሽ ሲያመን አጠገባችን ትተኛለች። እሷ ካረፈች በኋላ ጁባ ወዳለው አባታችን መጣን። እኛ ስናድግ እሱ ጦርነት ውስጥ ስለነበር የምናውቀው በፎቶ ብቻ ነበር።

አባታችን ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተተለሙ መስመሮች አሉት። በወገናችን ልማድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ በምላጭ ይተለተላል። ተንጋሎ ይተኛል፤ ዓይኑን ካርገበገበ ቤተሰቡ ያፍራል። እኛ አልተተለተልንም። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሊያጠነክረን ፈለገ መሰለኝ። ጀበል ኩጁር በሚባለው የጁባ ሰፈር ባለው ቤታችን "አመመኝ" አይባልም። ካልን አይመታንም፤ ፊቱን ያዞርብናል። ያ ይብሳል።

አማርኛ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሕመማችንን እራት ላይ፣ እሱ ፊት፣ በአማርኛ እናወራ ነበር።

"ጥርሴ ሊገድለኝ ነው" እላለሁ።

"ፊትህን አስተካክል እንጂ! ስለ ኳስ እንደምናወራ ሁን" ይለኛል ወንድሜ።

"ስንት ለስንት ልበል?"

"ሁለት ለባዶ። ጥርሱ እየመራ ነው።"

አባታችን ቀና ብሎ ምን እንደምንል ሲጠይቅ ወንድሜ በቤታችን ቋንቋ "ኳስ ነው አባባ" ይለዋል።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ታመመ። አባታችን ትኩሳቱን አይቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ እኔም ሄድኩ። ሐኪሙ ሆዱን ተጭኖ "ያምሃል?" አለው። አባታችን ራስጌው ቆሟል። ወንድሜ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ ጣሪያውን እያየ፣ "አያመኝም" አለ። የወባ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙን።

በረክሻ፣ እዚያ ባጃጅን እንደሚሉት፣ ስንመለስ አባታችን መሃላችን ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ በላዩ አሻግሮ "ሲጫነኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። መድኃኒቱ የሚያሽለው መስሎት ነበር፤ እኔም እንደዚያው። በማግስቱ ሆዱ ተነፋ። ሆስፒታል ስናደርሰው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቆይቷል አሉን።

ለቅሶ ላይ አጎቶቼ "ወንድ ነበር! ሐኪም ሲጫነው እንኳ ድምፅ አላሰማም" እያሉ አመሰገኑት። አባታችን ይሰማል። እኔን እንዴት ነህ ያለኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ ካስተም ገበያ፣ ከወንድሜ ጋር እናውቀው የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ ጋ እሄዳለሁ። አማርኛ ለመስማት ብዬ ሳሙና እገዛለሁ።

"ዛሬም ሳሙና? አንተ ልጅ፣ ከተማውን ልታጥብ ነው እንዴ?" አለኝ አንድ ቀን። "ያ ሳቂታ ወንድምህስ የት ጠፋ?"

"ሞተ።"

በእጁ የያዘውን አስቀመጠ። "ነፍስ ይማር። አንተስ? አንተ እንዴት ሆንክ?"

የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደንበኛ ሲመጣ "ቡክራ፣ ነገ ና" እያለ ይመልስ ነበር።

ቤት ስገባ አባታችን ግቢው ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ቆምኩ። ፊቱን እንዳያዞርብኝ ፈራሁ። እሱ ካላወቀ ግን ወንድሜን የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ልቀር ነው።

"አባባ፣ ሐኪሙ ሲጫነው አሞት ነበር። በጣም። ረክሻው ውስጥ ነግሮኛል።"

"እኔም ነበርኩ። አልሰማሁም።"

"በአማርኛ ነው የነገረኝ።"

"እሱ እንዳለው አድርገህ ንገረኝ" አለኝ።

ወንድሜ እንዳለው አድርጌ አልኩት። አልገባውም። ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት። ከንፈሩ ቃሎቹን ተከትሎ ተንቀሳቀሰ።

በቤታችን ቋንቋ ልተረጉምለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

"ቆይ" አለኝ። "ትንሽ ቆይ።"

ፊቱን ግን አላዞረም። ከጎኑ ተቀመጥኩ።