ጭነቱ የረጋ ዕለት

ኢባዶ ዋርሰሜ ግመል ስትጭን ያየ፣ የሌላ ሰው ጭነት ዓይኑ አይገባም ነበር። የሶማሌ ግመል አርቢዎች በሚዘዋወሩበት በሃውድ ሜዳ መጫን የሴት ሥራ ነው፤ ቤቱን ነቅላ፣ ምሰሶና ምንጣፉን ጠቅልላ ግመሉ ላይ የምታስረው ሚስት ናት። አዲስ ሙሽሮችን ስታሳይ፣ "የግራና የቀኙ ክብደት እኩል አልሆን ካላችሁ አትጨነቁ። ቀላሉን ከግመሉ ጀርባ ወጣ አድርጋችሁ እሰሩት፤ በራቀ ቁጥር እንደ ከባድ ይስባል" ትላቸዋለች።

ባሏ ጉሌድ ሳንባውን ታሞ መተንፈስ ሲያቅተው፣ ቡርኦ ከተማ ሐኪም ቤት ልታደርሰው ተነሣች። መኪና በዚያ አያልፍም። በምንጣፍ ጠቅልላ በአንድ ጎን አሰረችው፣ በሌላው ጎን የውሃ ዕቃዎቹን።

"ያገባሽኝ ለዚህ ነው? እንደ ድስት ልትጭኚኝ?" አላት።

"ድስትማ ዝም ይል ነበር።"

መንገድ ላይ ውሃ ይጠማዋል፣ ታጠጣዋለች። ውሃው ሲጎድል የሱ ጎን ያጋድላል፣ ቆማ በዚያኛው ጎን ድንጋይ ትጨምራለች። እንዲያም ሆኖ ጭነቱ አልረጋ አለ። ጉሌድ በሳለ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ጭነቱ የታሰረበት እንጨት ሲጥ ይላል፣ ግመሉ ይደናቀፋል። ግመሉ ከወደቀ ጉሌድ ቡርኦን አያያትም።

"አንተ ሰው፣ እባክህ አትነቃነቅ!"

"እኔ ነኝ እንዴ? ሳሉ ነው።"

"ሳሉንም ንገረው!"

ሳቀ። ሳቁ ደግሞ አስሳለው፣ ጭነቱ ዘመመ። በድካሟ ላይ ንዴት መጣባት፤ "ዝም በል አልኩህ!" ብላ ጮኸችበት።

ከቀትር በኋላ ጭነቱ ረጋ። እንጨቱ ድምፁን አጠፋ፣ ግመሉ እግሩን ዘርግቶ ይራመድ ጀመር። ኢባዶ ገመዱን ይዛ ከፊት እየሄደች ደስ አላት።

"እንዲህ ነዋ! አሁን እንደርሳለን" አለች ሳትዞር። መልስ ስታጣ፣ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል አለች። የቡርኦ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከሩቅ ሲያብለጨልጩ ነው ልታጠጣው የቆመችው።

ክብደቱ ያው ነበር። ድንጋይ መጨመርም መቀነስም አላስፈለገም።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ፣ "ሳይጨነቅ ነው የሄደው፣ እህታችን፣ አላህ ያውቃል" እያሉ ሊያጽናኗት ሞከሩ። 

"ዕድሜውን ሙሉ ያልኩትን ሰምቶ አያውቅም" አለች ኢባዶ። "ያን ቀን ሰማኝ።"