ሳልናገር ያመጣሁት ቅጠል

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ወርጄ ነበር። አንድ ጎልማሳ የደረቀ ቅጠል በፌስታል ቋጥሮ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ለቁስል ነው፣ ለእከክ ነው፣ ለንፍፊት ነው እያለ ገበያውን ያደነቁረዋል። ሰው ከቦ ያዳምጠዋል፤ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። በእኛ ቤት የመድኃኒት ቅጠል ይመጣ የነበረው አፍ ተዘግቶ ነዋ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ነበር። የታላቅ እህቴ የየሻረግ ሠርግ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እንጨት ስትለቅም እሾህ ተረከዟን ወጋት። ይወጣል ብላ ናቀችው። እሱ ግን ውስጥ ለውስጥ መገለና እግሯ አበጠ፤ ብሽሽቷ ላይም ንፍፊት እንደ ባቄላ ጠጥሮ ወጣ። ዛሬ ቢሆን በባጃጅ ጭኜ ጤና ጣቢያ ነበር የማደርሳት። ያኔ የነበረችን አክስቴ እናኑ ናት። እሷ ግራዋ ቀቅላ ቁስሉን አጠበችና፣ እሾሁን ስቦ የሚያወጣው ቅጠል ግን ከሐይቁ አፋፍ ካለው ጫካ መምጣት አለበት አለች።

ከቁስሉ ይልቅ ያስጨነቀን ወሬው ነበር። በአገራችን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የኖረን ሰው እግሩን ዕድሜ ልኩን የሚያሳብጥ በሽታ አለ። ሰው በዘር ብቻ የሚመጣ እየመሰለው፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለበት ቤት ልጅ አያጋባም ነበር። «የሙሽራዋ እግር አበጠ» የሚለው ወሬ ዳንግላ በኩል ካሉት አማቾቻችን ዘንድ ደረሰ። የሙሽራው አባት አያ ዘለቀም በዓይናቸው ሊያዩ እንደሚመጡ ተላከብን። እናቴ ቤቱን ትጠርጋለች፣ መልሳ ትጠርጋለች።

አክስቴ በማለዳ ቀሰቀሰችኝ። ቅጠሉን ከቆረጥሽ በኋላ እጄ ላይ እስክታስቀምጪው ቃል እንዳይወጣሽ፤ ከተናገርሽ መድኃኒቱ ይሽራል አለችኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ ለፍላፊ ይለኝ ስለነበር የገብስ ቆሎ በመሀረብ ቋጠረችልኝ፤ አፍሽ ሥራ እንዳይፈታ ብላ።

ጥር ነበር፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቷል። ቅጠሉን ቆርጬ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ስመለስ ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ደረሱብኝና የእነ የሻረግን ቤት በአዊኛ ጠየቁኝ። በአገጬ አመለከትሁ። ቋንቋው ያልገባኝ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት። አሁንም በአገጬ።

«ሙሽራዋ እግሯ አበጠ የሚሉት እውነት ነው፣ ልጄ?»

ማን እንደሆኑ ያኔ ገባኝ። ብናገር መድኃኒቱ ሊሽር ነው፤ ዝም ብል ዝምታዬን እውነት ነው ብለው ሊወስዱት ነው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁና ሌላ ሲጠፋኝ መንገዱ መሀል ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። ከአጥር እሾህ ሰብሬ ተረከዜ ላይ አስጠጋሁ፤ ተነሥቼ እያነከስሁ ዞርሁላቸው፤ ከዚያ ቅጠሉን ከነጠላዬ አውጥቼ ተረከዜ ላይ ለጠፍሁ።

«እሾህ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ከፈረሳቸው ወርደው ቅጠሉን ሳይነኩ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። የእሳቸውም እናት እንዲሁ አፋቸውን ዘግተው ያመጡት የነበረ ቅጠል ኖሯል። ሳቃቸው ሲመጣ ፈረሱ ደነበረ።

«በይ ዝም በይ። አደራ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ።»

ፈረሳቸውን እየሳቡ ከፊቴ ቀደሙ። በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ያልመለሰ ሰው ተቀይሟል ይባላል። እሳቸው ግን ያገኘነውን ሁሉ እጃቸውን እያነሡ ያስቆሙት ነበር።

«ልጅቱ መድኃኒት ይዛለች፤ የእሷንም እግዚአብሔር ይመስገን ከእኔ ተቀበሉ።»

እንዲህ በእኔ ፈንታ እያመሰገኑ ደጃችን ደረስን። እናቴ እኔንና እሳቸውን አብረን ስታይ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ሮጬ ቅጠሉን አክስቴ እጅ ላይ አስቀመጥሁና ወደ እሳቸው ዞርሁ። እሾህ ነው፣ የእግር በሽታ አይደለም፣ ዘራችን ሁሉ ደህና ነው፣ ቅድም ልነግርዎት ነበር እያልሁ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ለፈለፍሁ።

አያ ዘለቀ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እናቴ ትኩስ ድንች በዳጣ አቀረበች። እሳቸውም የሙሽራዋ እግር ይታይ ሳይሉ ስለ ሠርጉ ድንኳን ማውራት ጀመሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እሾሁ ከመግሉ ጋር ወጣ፣ ንፍፊቱም ሟሸሸ። የሻረግ በሁለት እግሯ ቆማ ተዳረች።

ቅጠሉ ይሁን፣ የግራዋው ውኃ ይሁን፣ ወይስ ገላዋ ራሱ ታግሎ ያሻረው፣ ዛሬም አላውቅም። ለእህቴ የልጅ ልጆች ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ፣ ቁስል አትናቁ እላለሁ እንጂ ቅጠል ቁረጡ አልልም። አያ ዘለቀ ካረፉ ቆይተዋል። እሳቸውን ሳስብ ግን ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ በሽታ ሊፈልጉ የመጡ ሰው፣ መድኃኒቱን አጅበው ነበር ቤታችን የገቡት።