የቦኖው ጀሪካኖች

ባሌ ስጦታው ጀሪካን ያሸታል። እውነቴን ነው! ያረጀ ጀሪካን የያዘ ሰው መንገድ ላይ ካገኘ ሰላምታውን ሳይጨርስ ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን ይከታል። የምግብ ዘይት ከሸተተው ፊቱ ይበራል፤ በአመድና በሙቅ ውሃ ያጥበዋል። የአረም መድኃኒት ከሆነ ባለቤቱን አቁሞ ይመክራል፣ ውሃ እንዳይቀዳበት ያስምላል። አረቄ የነበረበትን ሲያሸት የዋለ ቀን ደግሞ ጎረቤት ጠጥቶ የገባ ይመስለዋል፤ ሐሜቱን የምሰማው እኔ። ጠበል የተቀዳበት ከሆነ ግን ቢላዋ አያስነካውም። ጠይቆ፣ አረጋግጦ፣ ስሞ ይመልሳል።

እኔ ትርሲት ነኝ፤ የዚህ ሰው ሚስት ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ። ስጦታው እህል መጋዘን ጆንያ ሲሸከም ወገቡ ተጎዳና ከሥራ ወጣ። ሦስት ወር ተኛ። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥቶ የተሰነጠቀ ጀሪካናችንን ቆርጦ ለዶሮዎቼ የውሃ መጠጫ ሠራልኝ። «እሰይ! እጅህ ይባረክ!» አልኩት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ! በማግስቱ የችግኝ ማፍያ፣ በሳምንቱ በርጩማ፣ ከዚያ የአትክልት ማጠጫ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። አልጋ ሥር ጀሪካን፣ በር ኋላ ጀሪካን፣ ጓዳ ውስጥ የተቆረጠ የጀሪካን አንገት። እንግዳ ሲመጣ የማስቀምጥበት አጣለሁ።

ቢቸና ደግሞ ጀሪካን የሚጥል ሰው የለም። ሲሰነጠቅ በቀለጠ ፕላስቲክ ይደፈናል፤ መልሶ ሲያፈስ ሽንብራ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ስጦታው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሞጣ ድረስ ይሄዳል፣ ዘይት ቸርቻሪዎቹን ባዶውን ስጡኝ እያለ ይለምናል። ጀሪካኑን አውቶቡስ ላይ አስጭኖ ሲመለስ ረዳቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ሰው ሞጣ ሄዶ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል? የእኔው ይመጣል።

ባለፈው ሚያዝያ የቀበሌዋ ሄለን ቤታችን መጣች። የምትቀመጥበት ቸግሯት ቆማ ነበር ያወራችው። «ገበያው ዳር ያለው ሼድ ባዶ ነው። ጋሽ ስጦታው ለትምህርት ቤቱ ሃያ የእጅ መታጠቢያ ሠርተው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ካስረከቡ ሼዱ ለእሳቸው ይሰጣል። ካልደረሰላቸው ተረኛው የብየዳ ማኅበሩ ነው» አለች። ሼድ! ያ ሁሉ ኮተት ከቤቴ ወጥቶ ሼድ ሊገባ! እግሯን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ችግሩ፣ ቤቱን የሞላው ቁርጥራጭ ነው እንጂ ያልተቆረጠ ሃያ ጀሪካን አልነበረም። ሞጣ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመካከሉ እኔ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሞጣ ሄጄ ሦስት ቀን አደርኩ። ስመለስ ሃያ ጀሪካን ታጥቦ፣ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ ከላይ ተከፍቶ፣ ከታች ለቧንቧ ተበስቶ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል።

«ከየት አመጣኸው?»

«እዚሁ ነው፤ ወድቆ አገኘሁት» አለኝ።

ደስታው አፌን ያዘው፤ አልመረመርኩም። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው። ቧንቧ የጎደለው ስምንቱ ብቻ ስለነበር ቅዳሜ ማለዳ ሊገዛ ሞጣ ሄደ።

ረፋዱ ላይ ግቢዬ በሰፈራችን ሴቶች ተሞላ። ከፊት እትዬ አመተ ሥላሴ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ባንቺዓለም እየጮኸች።

«ባልሽ ወረፋችንን በላው!» አለች ባንቺዓለም።

የሰፈራችን ቦኖ ውሃ የሚመጣው በስምንት ቀን አንዴ ነው። ያን ያህል ቀን ቆሞ የሚጠብቅ የለም፤ የሚቆመው ጀሪካን ነው። ለወረፋ ደግሞ ደህናውን ማን ያወጣል? የሚያፈሰው ይወጣል፤ ውሃው ሲመጣ ደህናውን ይዘሽ ሄደሽ በቦታው ትተኪያለሽ። ዘንድሮ ሞተሩ ተበላሽቶ ሁለት ወር ውሃ ጠፋ፤ ጀሪካኖቹ ግን እዚያው አቧራ እየጠጡ ቆመው ነበር። ስጦታው ወድቆ አገኘሁ ያለው እነሱን ነው! የቦኖውን ጠባቂ ዘመነን ጠይቆታል አሉ። «ውሃ በሌለበት ምን ወረፋ አለ?» ብሎ ቢቀልድ፣ የእኔ ጅል ፈቃድ አድርጎ ወሰደው። የቢቸና ልጅ ሆኖ ወረፋ እንደማይሞት ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

አላመንኳቸውም፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዱ እጀታ ላይ በጋለ ሚስማር የተተኮሰ «ት» አለ። የእኔው! አሥራ አንደኛ ያቆምኩትን የራሴን ወረፋ ቆርጦታል!

እትዬ አመተ ሥላሴ ቀስ ብለው አስረዱኝ። «ውሃው ነገ ይለቀቃል ተብሏል። የላይ ሰፈር ሰዎች ቦታችን ላይ የራሳቸውን ደርድረዋል። ዘመነ ምልክት ያለውን ጀሪካን ያሳየ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ያላሳየ መጨረሻ ይቆማል አለ። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፣ ልጄ።» ባላቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል። ውሃው በእሳቸው ቤት ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ግን ሼዱ ነው የታየኝ። ሃያው ከወጣ ሰኞ የሚረከብ የለም። ቤቴ! አራት ዓመት የተመኘሁት ቤቴ!

«ከሰኞ በኋላ ኑ» አልኩ።

ባንቺዓለም ልትዘልብኝ ደረሰች። እትዬ አመተ ሥላሴ ግን «እሺ ልጄ» ብለው ምርኩዛቸውን አስቀድመው ዞሩ። ምነው ቢሰድቡኝ! ቢረግሙኝ!

«ቆይ! እትዬ፣ ይመለሱ! ውሰዱ፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን ውሰዱ!» ብዬ ጮኽኩ። እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ አስረከብኳቸው። የእትዬን ራሴ ተሸክሜ ሄጄ ሦስተኛ ቦታ ላይ አቆምኩ። የራሴንም አሥራ አንደኛ።

ከሰዓት በኋላ ስጦታው ስምንት ቧንቧ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። በንዴት ቤቱን ሁሉ አውጥቼ ጠርጌ፣ ቁርጥራጩን ከግቢው ጥግ ከምሬው ነበር። ያፌን ሁሉ አወረድኩበት፤ ያልጠራሁት የሰይጣን ስም የለም።

«ለእትዬ ቦታቸው ተመለሰላቸው?» አለ ብቻ።

«ተመለሰላቸው።»

ወገቡን ደግፎ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠ። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አደረገና ዙሪያውን አየ። «ቤታችን ለካ ሰፊ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ማክሰኞ ድረስ እንዲያው ፌስታሉን ታቅፎ ተቀምጦ ዋለ፤ እህል በአፉ የሚገባው ስለምነው ነው። ሼዱም ሰኞ ለብየዳ ማኅበሩ ተሰጠ።

ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ባንቺዓለም ቤት ሄድኩ። በምን ዓይኔ ፊቷን እንደማይ አላውቅም ነበር።

«የማትፈልጊው ጀሪካን አለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊው?»

«ምን አውቄ!» አልኳት፣ ብሽቅ ብዬ። «ባሌ እንዲያ ተቀምጦ ከማየው ቤቴ ይጥበበኝ!»