የሌለው ቀርከሃ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ማህሌት እጄን ይዛ እንጅባራ መሀል ወዳለ አንድ አዳራሽ ወሰደችኝ። ባጃጅ አልገባም ብዬ በእግር ነው የሄድነው፤ እስክንደርስ አኮረፈችኝ። ውዝዋዜ ቡድን ገብታለች። አሰልጣኙ ጆሮው ላይ ነገር የሰካ ልጅ ነው፤ ከበሮውን ከስልኩ ያስመታል። ትንሽ ካስጨፈራቸው በኋላ፣ እርምጃውን ተዉትና ሁላችሁም እንደመጣላችሁ ፍጠሩ አላቸው። አሥራ ሁለቱም ልጆች እንደ አጥር ቀጥ ብለው ቆሙ። አንዷ ጥፍሯን ታያለች፣ አንዱ የጫማውን ክር ይፈታል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳቄ አመለጠኝ፤ ማህሌት ዞራ ገላመጠችኝ።

የሳቅኩት በእነሱ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ፣ ከተማው ቆሰበር ሲባል (እኔ አሁንም ቆሰበር ነው የምለው) የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ። ጎረምሳ ነኝ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ከአባቴ ጋር ቀርከሃ ቆርጦ ወደ ገበያ መሸከም ነበር።

ቀርከሃ ሲያዩት ቀላል ነው። ጣጣው ርዝመቱ ነው። የፊት ጫፉ ቀድሞህ ይሄዳል፣ የኋላ ጫፉ ዘግይቶ ይከተልሃል፣ አንተ መሀል ነህ። ክረምት ላይ የገበያው መንገድ ጭቃና ሰው ሞልቶት ሳለ ከኋላህ አንዱ ስምህን ከጠራ አለቀልህ። አቤት ብለህ ስትዞር አንደኛው ጫፍ የአንዱን ባርኔጣ፣ ሌላኛው የሌላውን ጥርስ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ቀርከሃ የተሸከመን ሰው ከኋላ መጥራት ነውር ነው፤ የሚፈልግህ ሮጦ ቀድሞህ ፊትህ ይቆማል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ ጆሮዬን ይዞ። ያም ሆኖ የሚጠራ አይጠፋምና፣ ያገራችን ሰው ስም ሲጠራ ሰምቶ ቀርከሃው ሲዞር ካየ ጎንበስ ይላል። ማን ነው፣ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

አሰልጣኛችን ጓድ ስዩም የሚባል ከደብረ ማርቆስ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። እስክስታን በቁጥር ነው የሚያስተምረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መዞር። እኔ ሦስት ላይ ስደርስ ሌላው ዞሮ ጨርሷል፤ ፊት ለፊት እንፋጠጣለን። ትከሻዬን የሚነቅፍ አልነበረም፣ እግሬ ነው ያስቸገረው። ዳንግላ ላይ ለምናሳየው ትርኢት ሳምንት ሲቀረን፣ እስከ ዓርብ እርምጃው ካልገባኝ ከበሮ ተሸካሚ እንደሚያደርገኝ ነገረኝ።

ይህ ለእኔ ሞት ነበር። አባቴ ገና ስገባ፣ "ጭፈራ ለሰርግ ነው። ማን ሊያገባ ነው አንተ በየቀኑ የምትጨፍረው?" ብሎኝ ነበር። እኔም ዳንግላ መድረክ ላይ እንደሚያየኝ ፎክሬበታለሁ። ከበሮ ተሸክሜ ብሄድ፣ ለመሸከምማ ቀርከሃው ምን አለህ እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት የእህል መጋዘን ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ውጭው ጉም ነው፤ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላን እጃችንን እናሞቃለን። ጓድ ስዩም ገባና ዛሬ ቁጥር የለም አለ። ከኑሯችን ያለውን፣ እንደመጣልን እንድንፈጥር ፈለገ። ሁላችንም ቆምን። አስናቁ የምትባል እርምጃ ስታ የማታውቅ ልጅ ነበረች፤ እጇን አውጥታ፣ "ጓድ፣ የትኛውን ነው የምንፈጥረው?" አለችው።

እኔ ግን ቁጥር የለም ሲባል እንደ በዓል ነው የሆነልኝ። የሌለ ቀርከሃ ከመሬት አነሳሁ፣ ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና ሄድኩ። ቀርከሃ ስትራመድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትከሻህን የሚያስጨፍረው እሱ ነው። ይህን ስታይ አስናቁ ተንኮሏ ተነሳና ከኋላዬ፣ "ደምለው!" ብላ ጠራችኝ። ከነቀርከሃዬ ዞርኩ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ልጅ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጎንበስ አለ። ጓድ ስዩም ብቻውን እንደ ምሰሶ ቀረ።

"ማን ቆጠረላችሁ?" አለ። ማንም። ደስ ብሎት ወረቀቱን አወጣና መዞሩን ስምንት ላይ ጻፈው።

"ካልተጠራሁ አልዞርም" አልኩት።

"ስምንት ላይ ትዞራለህ።"

"ዝም ብሎ የሚዞር ማን አለ፣ ጓድ? ካልተጠራሁ አልዞርም።"

ዓርብንም ስንጨቃጨቅ ዋልን። ጓድ ስዩም ቀርከሃውን ለሌላ ሰው ሊያሸክም ሞከረ፣ ሁሉም ማገዶ የያዘ መሰለ። በመጨረሻ አስናቁ ቆጥራ ስምንት ላይ እንድትጠራኝ ተስማማን፤ እኔም ከከበሮው ዳንኩ።

ዳንግላ የሄድነው በጭነት መኪና ላይ ነው፣ አቧራ እየቃምን። መድረኩ ሜዳ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊት ሹማምንቱ ወንበር ላይ፣ ከኋላቸው ሕዝቡ፣ ጀርባችንም በሰው ተሞልቷል። ሁላችንንም አንድ ዓይነት ሸሚዝ አልብሰውናል። ተራዬ ደረሰ፣ የሌለውን ቀርከሃዬን አነሳሁ። አስናቁ በሹክሹክታ ትቆጥራለች። አምስት ላይ ሳለች ከጀርባዬ ከሰዉ መሀል፣ "አንተ ደምለው!" የሚል ድምፅ መጣ። ያንን ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜም አቤት እለዋለሁ። አባቴ ነው።

ዞርኩ። ጓደኞቼ ጎንበስ አሉ፤ አስናቁ አፏን እንደከፈተች ጎንበስ አለች። እሱስ ይሁን። ሹማምንቱ ጎንበስ አሉ። የአንዱ ኮፍያ ተንከባሎ መድረኩ ስር ገባ። ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ነፋስ እንደመታው ገብስ ተኛ። ወደ ጠራኝ ድምፅ ሳይ አባቴ ራሱ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጢጥ ብሏል። ሜዳው ላይ ቆሞ የቀረ ጓድ ስዩም ብቻ ነው፣ ወረቀቱን ይዞ፣ "ስድስት" እያለ።

ከዚያ ሳቁ ጀመረ፤ ማቆሚያ አጣ። ኮፍያ የወደቀበት ሹም ጉልበቱን አራግፎ አጨበጨበ፣ ሌላ ምን ያድርግ።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር በእግር ተመለስን። መንገዳችን ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ስንደርስ አላስችል አለኝና፣ ከኋላ አይጠራም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ አልኩት።

"ሸሚዛችሁ አንድ ሆኖብኝ የትኛው እንደሆንክ ላውቅ ነው" አለ። "ቀርከሃውን ያየሁት ካጎነበስኩ በኋላ ነው።"

ጥቂት ሄድንና ደግሞ፣ "ስንት ክንድ ነበር?" አለኝ።

"አሥራ ሁለት።"

"ለገበያ መንገድ ይረዝማል። አሥር ይበቃል።"

ከዚያ ወዲህ ማን ሊያገባ ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ፈጠራ የሚሉት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስተካክዬ አላውቅም። ባዶ ትከሻ ይዞ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ሲመጣለት ግን አላየሁም። ማህሌት ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፣ መቶ ጊዜም ሰልችቷታል። ያን ዕለት ግን ሌላ አልመጣላትም መሰለኝ፣ አየችኝና ጎንበስ ብላ ከወለሉ አንድ ረጅም ነገር አነሳች። አያያዟ ልክ ነው። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከአግዳሚው ተነስቼ ከኋላዋ፣ "ማህሌት!" አልኩ።

ስትዞር ሦስት አራት ልጆች ጎንበስ አሉ። የቀሩት ግራ ገብቷቸው ቆመዋል፤ ዛሬ ቀርከሃው በመኪና ነው የሚሄደው። እኔም ጎንበስ ብዬ ወገቤ እዚያው ያዘኝ። አሰልጣኙ ጆሮው ላይ ያለውን ነቅሎ እየሮጠ መጣ።

"አባባ፣ ምን ወደቀብዎ?"

"ምንም" አልኩት። "አንተን ግን ቀርከሃው መቶሃል።"