ከግርጌ የሚይዘው

ሰዓት ሠሪው ክንድ የሚባል ነገር አልነበረውም። እጅማ ነበረው፤ ያውም ከጥፍር ያነሰች ብሎን በወረንጦ አንሥቶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቦታዋ የሚያስገባ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ። ከክርኑ በላይ ግን ሥጋ ሲታደል ተራው ያለፈው ይመስላል። ሰፈሩ «ቀጭኑ» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ስለለመደው በስሙ ቢጠሩት ዘወር ብሎ የሚያይም አይመስለኝም።

የእሱን ድርሻ ጠቅልሎ የወሰደው ታናሽ ወንድሙ ነው። ታናሹ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ በሩ የሚጠበው፣ ሲስቅ ብርጭቆ የሚያንቀጫቅጭ፣ ቢታጠብ ቢታጠብ እጁ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ የማይለቀው ሰው። ሁለቱም ትዳር ሳይዙ እናታቸው ጋ ቀሩ። እናትየው ግማሽ አካሏ ከከዳት ወዲህ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ አንሥተው መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ የሚያስቀምጧት፣ ሲመሽም መልሰው የሚያስተኟት እነሱ ነበሩ። ትልቅ ሴት ናት፤ ታናሹ በማን እንደወጣ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ታናሹ ከራስጌ ይይዛል፣ ቀጭኑ ከግርጌ።

ታናሹ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ይል ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው «ያዝኩ» ሳይል ዕቃ አይነሣም። መጋዘን ውስጥ ይህን ቃል የዘነጋ ሰው የጓደኛውን ወገብ ይቆርጣል። እናታቸውንም ሲያነሡ ሕጉ ያው ነው፤ ቀጭኑ እግሮቿን ከነብርድ ልብሱ አቅፎ «ያዝኩ» ካላለ ታናሹ ንቅንቅ አይልም። ቀጭኑ ዘግየት ሲል እናትየው «ያዝኩ በል እንጂ አንተ፣ ልታሳድሩኝ ነው?» ብላ ትቆጣለች። ብድግ ሲያደርጓት ደግሞ «ቀስ በሉ» ትላለች። ቀስ ቢሉም ባይሉም፣ በየቀኑ፣ «ቀስ በሉ»።

ታናሹ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እናትየው አላለቀሰችም። ለቅሶ የመጣው ሰው ደንግጣ ነው አለ፣ በሽታው ነው አለ፣ እንባዋም ከግማሽ አካሏ ጋር ደርቋል አለ፤ አፍ ምን ይሳነዋል። እሷ ግን ወደ መስኮቱ እያየች «ደክሞት ነው፤ ተኝቷል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

መጀመሪያ ላይ የታናሹ የሥራ ጓደኞች ጠዋትና ማታ ጎራ እያሉ ያግዙ ነበር። ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ዛሬ አንዱ ያረፍዳል፣ ነገ ሌላው ይቀራል። ይህ መቼም ከታላቅ እህታቸው ጆሮ አያመልጥም። በሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ናት። ደወለች።

«ስማ፣ ብቻህን አትችላትም። እኔ ጋ ትምጣ።»

«እትዬ፣ ከዚህ ቤት አልወጣም ብላለች እኮ።»

«ከእጅህ ብትወድቅስ? ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ማንሣት ከቻልክ ትኑር። ካልቻልክ ይዣት ነው የምሄደው።»

ለእናቱ ሲነግራት ቁጣ ጠብቆ ነበር። አልተቆጣችም። ወደ ታናሹ ክፍል በር እያየች፣ ረጋ ብላ፣ «ወንድምህ ሲነሣ ቤቱን ባዶ ያግኘው?» አለችው። 

ከጎረቤት ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር አሉ። ማስተማር ካቆሙ ስንት ዘመናቸው፣ ፊሽካቸው ግን ዛሬም ከአንገታቸው አይወርድም፤ ስለዚህ ጋሽ ፊሽካ ናቸው። ቀጭኑ ሄዶ ጉዳዩን ነገራቸው።

«ፑሽ አፕ ስንት ትሠራለህ?»

«አንድም።»

«ጥሩ። የሚታረም ልማድ የለህም ማለት ነው።» ክንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እንደማይገዛ ሰው አዩት። «መሬት ላይ ተዘርግተህ እንዳትጀምር፤ እሱ የወጣት ሞኝነት ነው። መጀመሪያ ቆመህ ግድግዳ ትገፋለህ። ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛ ወደ አግዳሚ ወንበር። ከዚያ መሬት በጉልበትህ፣ በመጨረሻም መሬት በእግር ጣትህ። አንዱን ሳትንቀጠቀጥ ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው አላሳልፍህም። ሰውነትህ እንደ ሳንቃ ቀጥ ይበል፤ ስትወርድ ቀስ። ለወገብህና ለጭንህ ቁጭ ብድግ ትጨምራለህ። ደግሞ አንድ ቀን ሠርተህ አንድ ቀን ታርፋለህ። ሥጋ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።»

ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ዕቃ ያልተደገፈበት ግድግዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳሎኑን ከታናሹ ክፍል የሚለየው። ቀጭኑ ከሥራ መልስ እጁን በደረቱ ልክ ለጥፎ፣ ግንባሩ ልስኑን ሊነካ እስኪቀርብ ይወርዳል፣ ይገፋል። ግድግዳው ለብ ያለ ነበር። ፀሐይ በማያየው ወገን፣ በዚያ ዝናብ፣ ለብ ማለቱ አልገባውም። ሲገፋም የሆነ ነገር በልኩ ከወዲያ የሚመልስለት ይመስለዋል፤ በርታ ሲል ይበረታል፣ ላላ ሲል ይላላል። የደከመው ሰው ብዙ ይመስለዋል ብሎ ተወው። ይልቅ የከበደው ሌላ ነው፤ በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ወረንጦው እየተንቀጠቀጠ የሰው ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ከእጁ ወድቃ፣ ቀኑን በአራት እግሩ ሲፈልጋት ዋለ።

አንድ ጠዋት ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት የሚያግዝ ሰው ቀረ። እናትየው ጀርባዬን አለች። ቀጭኑ ቢጨንቀው ብቻውን ከራስጌ ገብቶ በብብቷ ሥር አቀፋት፤ ቢያንስ ከትራሱ ከፍ ላደርጋት ብሎ ነው። እሷ ወደ ግርጌ አየች። ትንሽ ጠበቀች።

«ያዘ» አለች። «አንሣ።»

አነሣ። ተነሣችለት። እግሮቿ መሬት ይጎተታሉ ብሎ ሲጠብቅ ከወገቧ እኩል ተንሳፍፈው መጡ፤ ብርድ ልብሱም ቁርጭምጭሚቷ ሥር ሰው እንደጨበጠው ተጨብጦ ነበር።

«ቀስ በሉ።»

ወንበሯ ላይ ስትደላደል አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እግሯ አየችና ፈገግ አለች። «ዛሬ ደግሞ ቦታ ተቀያየራችሁ?»

ሰው ደስ ሲለው የሚታወረውን ያህል መቼም አይታወርም። ቀጭኑ ያየውን ሁሉ ረስቶ ክንዱን ብቻ አመሰገነ። የመጋዘን ልጆችን ከእንግዲህ አትድከሙ አላቸው። እህቱ ስትደውል እናትየው ስልኩን ይዛ «ልጆቼ ያነሡኛል፣ ምን ጎደለብኝ» ስትል ሰማ። እህቱም ለእሱ፣ «ጎሽ፣ ሰው ቀጠርክ ማለት ነው። ማነው?» አለችው። «አይ፣ እሱ እንኳን…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ክፉ ቀን የወለደው ውሸት ነው፤ እሱም ግማሹን እህቱ ራሷ ናት የዋሸችው።

ወደ ጠረጴዛው ደረጃ ሲደርስ ለጋሽ ፊሽካ በኩራት ነገራቸው። እሳቸው አላጨበጨቡም። ጓሮ ወስደው አሸዋ የተሞላ ጆንያ አሳዩት። «የእናትህን ግማሽ አይመዝንም። አንሣው።»

ቀጭኑ አቅፎ ታገለ። ፊቱ ቀላ፤ ጆንያው ከመሬት ለመላቀቅ እንኳ አላሰበም።

«ታዲያ እናትህን ማን ነው የሚያነሣት?»

ቀጭኑ እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ነገር፣ የእግሯን መቅለል፣ «ያዘ» የምትለውን ሁሉ አወጣው። «ደግሞ ‘ቀስ በሉ’ ትለኛለች፣ ጋሼ።»

«አክብራህ ይሆናል።»

«አክብሮት ቢሆን ‘ቀስ ይበሉ’ ነበር የምትለው። ‘በሉ’ ለሁለት ሰው ነው።»

ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

የአግዳሚው ተራ ሲደርስ ችግር መጣ፤ በቤቱ ውስጥ ያለው አንድ አግዳሚ የሚገኘው በታናሹ ክፍል ነው። ከቀብር ወዲህ ያ በር አልተከፈተም። ቀጭኑ በጠራራ ቀን፣ መስኮቱን ከፋፍቶ፣ ዘፈን እያፏጨ ገባ። ፉጨቱ መሀል ላይ ቆመ። ሰማያዊው ግድግዳ ላይ፣ እሱ ከወዲያ ሲገፋበት በከረመው ቦታ ልክ፣ ሁለት የመዳፍ አሻራ አለ። ነጭ፣ ዱቄት የነካው መዳፍ። የራሱን እጅ አስጠግቶ ለካው፤ ጣቱ አንድ አንጓ ያህል አነሰ። አንዱ አሻራ ጫፉ ላይ ገና እርጥብ ነበር። አግዳሚውን ጎትቶ ወጣ፤ ሲዘጋው ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ በሩን ቀስ አድርጎ ገጠመው፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቀስ።

ፈራ? አዎ፣ እንቅልፍ እስኪያጣ ፈራ። ግን እውነቱ ይነገር፤ ደስም ብሎታል። ጠዋት ከራስጌ ሲቆም፣ እናቱ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደህና አደርክ?» ማለት ጀመረ። መልስ የለም። ብርድ ልብሱ ይጨበጣል፣ እናቱ «ያዘ» ትላለች፣ እግሯ ብድግ ይላል። ወንድሙ ናፍቆት ነበር፤ ይህችው በቀን ሁለቴ የምትገኝ ግርጌ ደግሞ ለናፍቆቱ በቂ ነበረች። ፑሽ አፑን ያዝ ለቀቅ ማድረግ ጀመረ። የሚያነሣ ካለ መድከም ምን ያደርጋል?

ጋሽ ፊሽካ ይህን ከክንዱ አወቁበት። መቼም ሥራቸው ነው።

«አቁመሃል።»

«አይ፣ ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው…»

«ስማኝ ልጄ። እኔ ስለዚያኛው ዓለም አላውቅም፤ የማውቀው ሥጋ ነው። ወንድምህ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ፣ ተሸክሞ፣ ልቡ ፈነዳ። አሁንም ልታሸክመው ነው? አንድ ቀን ሠርተህ አንድ ቀን እረፍ አላልኩህም? እሱ መቼ ነው የሚያርፈው?»

ቀጭኑ ቤቱ ሄዶ በአግዳሚው ላይ ወረደ፤ እያለቀሰ ነው የወረደው። ከዚያች ቀን ወዲያ አንድም ተራ አላጓደለም። ከአግዳሚው ወደ መሬት በጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ እግር ጣቱ። መጀመሪያ ሲወርድ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፤ መሬት ሲነካ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዘረጋል። ቆይቶ ግማሽ መንገድ ተነሣ። ቆይቶ ተነሣ። የሸሚዙ ትከሻ ጠበበውና ልብስ ሰፊው ጎረቤት «ቀጭኑ፣ ስምህን ልትቀይር ነው?» ብሎ ቀለደበት። ግድግዳው ግን በዚያው ልክ እየቀዘቀዘ ሄደ። ጠዋትም እናቱ ወደ ግርጌ አይታ «ያዘ» እስክትል ያለው ጊዜ እየረዘመ፣ እግሯም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከበደ መጣ። ቀጭኑ ሁለቱንም አስተዋለ፤ ለማንም አልተናገረም።

ክረምቱ ወጣ፤ እህቱ ማለዳ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። እናቷን ሳመች፣ ቤቱን በዓይኗ ዞረች።

«የቀጠርከው ሰው የታለ?»

«የቀጠርኩት ሰው የለም እትዬ።»

«እና ማነው የሚያነሣት?»

«ቆይ ታያለሽ።»

ከራስጌ ቆመ። እናቱ እንደ ወትሮዋ ወደ ግርጌ አየች። ጠበቀች። እህቱ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባዶውን ግርጌ ታያለች። ብርድ ልብሱ አልተጨበጠም፤ ተዘርግቶ ተኝቷል።

«ያዝኩ አላለም» አለች እናትየው።

«ማን ነው ያላለው?» እህቱ ድምፅዋ ቀጠነ።

ቀጭኑ አልመለሰላትም። ከራስጌ ወጣ፤ ከአልጋው ጎን ቁጭ ብሎ አንድ ክንዱን በጀርባዋ፣ አንዱን በጉልበቷ ሥር አሳለፈ። ዕቃን ብቻውን የሚያነሣ ሰው ራስጌም ግርጌም የለውም። «እማ፣ እኔ ይዤሻለሁ» አላት። «ሙሉውን።»

ቁጭ ካለበት ብድግ አለ። እናቱ ምን ያህል እንደምትመዝን ያን ቀን ነው ያወቀው። ከበደችው፤ እግሯ ከበደው፣ ራሷ ከበደው፣ በዚህ ሁሉ ወር አንድም ቀን ያልተሰማው ክብደት በአንድ ጊዜ ክንዱ ላይ ወረደ። አልተንቀጠቀጠም። ቀጥ ብሎ ቆመ።

እናቱ ከትከሻው በላይ ወደ ግርጌ ብዙ አየች።

«ሄደ?»

ሊዋሻት ይችል ነበር። «ሄደ፣ እማ» አላት። «ይረፍ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ፊቷ የሚታዘዛት በግማሹ ነው፤ እንባው ግን ከሁለቱም ዓይኗ ወረደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልጠራችውን የልጇን ስም እየጠራች፣ የሞተ ልጅ እንደሚለቀስለት አድርጋ፣ ጮክ ብላ አለቀሰችለት። ቀጭኑም አለቀሰ፤ ዓይኑን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

እህቱ ወንበሩን ጎትታ አጠገቡ አመጣችው። «አስቀምጣት፣ ይደክምሃል።»

«ተይ እትዬ» አላት። «ትጨርስ።»

እስክትጨርስ ይዟት ቆመ።