በንጉሥ ደን ውስጥ የቀሩት የአባቴ ቀፎዎች

የተወለድኩበት መንደር ከሻሸመኔ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ደኑ በሚጀምርበት ዳገት ሥር፣ ወንዝ ዳር ነበር። አያቴ ከብቶቹን ጨዋማውን ውኃ ሊያጠጣ መጥቶ ሣሩን ሲያየው እዚያው ጎጆ ቀለሰ ይባላል። ሌሎቹም እሱን ተከትለው ሰፈሩ። በዚያን ጊዜ ደኑ ጌታ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ዛፍ ግን ነበረው። አንድ ሰው ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ ሌላው አይነካውም። አባቴ ከአያቴ የወረሳቸው ዝግባዎች ነበሩት። ከሩቅ እያሳየ "ያ የእኛ ነው፣ ያኛውም የእኛ ነው" ይለኝ ነበር። ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ።

ያለኝ አንድ ወንድሜ በኅዳር በሽታ ሞተ። እኔ ደግሞ ሻሸመኔ ለሚኖር የወሎ ሰው ተዳርኩ። ባሌ አቡጀዲና ጨው ይሸጣል። አማርኛ የለመድኩት ከእሱና ከገበያተኛው ነው።

አዋጁ የተነገረ ዕለት ገበያው ውስጥ ጨው እየሰፈርኩ ነበር። ነጋሪት ተጎሰመ፤ ከወንዙ በላይ ያለው ደን የንጉሥ ነው፣ የገባም የቆረጠም ይቀጣል ተባለ። አጠገቤ የነበሩት የአገሬ ሰዎች ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ "ንጉሡ ሩቅ ነው፣ ደኑን ምን ያደርገዋል?" ብለው ሄዱ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

ማር በሚቆረጥበት ወራት አባቴ ባዶ እጁን ቤቴ መጣ። ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል።

"የዛፍ መውጫ ጠፍሬንና ቢላዬን ወሰዱብኝ" አለ። "ዛፉ ላይ ሳልወጣ ያዙኝ። የደኑ ጠባቂ የሚለውን አልሰማውም፣ እኔ የምለውንም አይሰማኝም። ኢንታላ ኮ፣ አንቺ ንገሪልኝ።"

በቋንቋችን ልጄ ሲል ነው። ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩት።

የደኑን ሹም ደጅ ብዙ ቀን ጠናን። ጠዋት እንሄዳለን፣ "ዛሬ አይገኙም" እንባላለን፣ እንመለሳለን። ባሌ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ቢውልም ስንቅ ይቋጥርልን ነበር። በመጨረሻ አስገቡን። ሹሙ ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

"ቀፎዎቹ የአባቴ ናቸው፣ ጌታዬ" አልኩ። "ማሩን ይቁረጥና ይውጣ። እንጨት አይቆርጥም።"

"ቀፎው የእሱ ነው፣ አልካድኩም" አሉኝ። "ዛፉ ግን የንጉሥ ነው።"

ለአባቴ ነገርኩት። "እንግዲያው ቀፎዬን ላውርድ በያቸው" አለኝ።

"እንዴት አድርጎ ያወርደዋል? ዛፉ ላይ ሳይወጣ?" አሉ ሹሙ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። የሚያስረዱኝ ነበር የሚመስሉት። አባቴ የተባለውን ስነግረው፣ "ያ ዛፍ ሲያድግ ንጉሡ የት ነበሩ? ይህን ጠይቂያቸው" አለኝ። አባቴ ነውና እንዳለ ተናገርኩት። ይቆጣሉ፣ ያሳስሩናል ብዬ ነበር። ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁና "እውነቱን ነው" አሉ። "እኔም የታዘዝኩትን ነው የምፈጽመው፣ ልጄ። ፈቃድ ከበላይ ነው የሚመጣው። እጠይቅለታለሁ።"

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከተቆጣ ሰው ጋር መጣላት፣ ቢያንስ መጮህ ይቻላል። እንዲህ በደግ ቃል ከሸኘ ሰው ደጅ ምን እያልን እንውጣ?

ፈቃዱ ሳይመጣ ክረምቱ ገባ። አባቴ መንደሩ ተመልሶ፣ ወንዙ ዳር እየተቀመጠ ወደ ደኑ ሲያይ ይውላል። ያ የያዘው ጠባቂ ከደጋ የመጣ ወታደር ነበር፤ ሰው ናፍቆት መሰለኝ፣ ወንዙን ተሻግሮ አጠገቡ ይቀመጥ ጀመር። በምልክት ያወራሉ። አባቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቀን ጠባቂው ደስ ብሎት "ንቦቹ ደህና ናቸው በይልኝ፤ ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ" አለኝ። ነገርኩት። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ማሩ ካልተቆረጠ ቦታ ያጣሉ፣ ጥለው ይሄዳሉ" አለ። ይህንን ለጠባቂው ተረጎምኩለት። ጠባቂው አንገቱን ደፋ፤ "እኔ ንብ እፈራለሁ እንጂ…" ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ጠባቂው አንድ ቀፎ ወድቆ ተሰብሮ አገኘና ተሸክሞ አመጣለት። "እኔ አልነካሁትም፣ ራሱ ነው የወደቀው" እያለ ይምላል። አባቴ የማሩን እንጀራ ገልጦ አየው። ሰፈፉ ጠቁሮ ጉንዳን ወሮታል፤ ማር የለውም፣ ንብም የለውም።

በዚህ መሃል መንደርተኛው መልቀቅ ጀመረ። ከብት ደን ውስጥ ካልገባ በበጋ ምን ይበላል? ጎልማሶቹ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሐይቆቹ ሜዳ ወረዱ፤ አንዳንዱም ጎጆውን አፍርሶ ምሰሶውን ተሸክሞ ሄደ፣ ሌላ ምሰሶ መቁረጥ አይችልማ። የቀሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ።

ፈቃዱ የመጣው ዓመታት አልፈው፣ ሹሙ ተለውጠው ሌላ ሰው ከተተካ በኋላ ነው። እኔ ራሴ ተቀብዬ፣ ከባሌ ጋር እየሮጥን መንደር ደረስን። ጠባቂው ያንን ጠፍርና ቢላ አምጥቶ ለአባቴ በሁለት እጁ ሰጠው። አባቴ ቀድሞን ወደ ደኑ ገባ፤ ከቀፎዎቹ አንዱ ገና ንብ አለበት፣ ከታች ይሰማል። ጠፍሩን በግንዱ ዙሪያ አዞረና እግሩን አነሣ። ሁለተኛውን እግር ማንሳት አቃተው። እንደገና ሞከረ። ተንሸራትቶ ሥሩ ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ልውጣ፣ አባ" አለው ባሌ በእኛ ቋንቋ። በሕይወቱ ዛፍ ወጥቶ አያውቅም።

"አንተማ ትወድቃለህ" አለው አባቴ። "ልጄን ባል አታሳጣት።"

መንደር ውስጥ የሚወጣ ጎልማሳ አልነበረም። ጠባቂው ፊቱን አዙሮ ቆመ። አራታችንም ከታች ሆነን፣ ንቦቹ ሲገቡና ሲወጡ ስናይ ብዙ ቆየን። ከዚያ አባቴ ትከሻዬን ይዞ ተነሣ፤ ጠፍሩን ለጠባቂው ተወለት፤ ወደ ሻሸመኔም ይዘነው ወረድን። ከእኛ ጋር ሁለት ክረምት ኖረ፤ አንድም ቀን ወደ ደኑ ውሰዱኝ ብሎ አልጠየቀም።