የጠንቋዩ የልጅ ልጅ

አባ ነጎድጓድ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን የማያውቅ ግን አልተፈጠረም። "ሻንጣችሁን ያዙ!" ሲሉ ሻንጣ የሌለው መንገደኛ እንኳ ደንግጦ ጎኑን ይዳብስ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ድምፁ አብሯቸው ቤት ገባ። ጨው አቀብሉኝ ሲሉ ጎረቤት ይነሳል። ሬዲዮ ጣቢያው ለልጆች ተከታታይ ድራማ ወፍራም ድምፅ ሲፈልግ ታዲያ፣ ከሁሉ ይበልጥ የተደሰቱት ባለቤታቸው ነበሩ።

ድራማው የሦስት ልጆች ጀብዱ ነው። በጨለማ አስማት የሰዎችን ጥላ እየሰረቀ ጆንያ ውስጥ የሚያጭቅ ጠንቋይን ያሳድዳሉ። ጠንቋዩ አባ ነጎድጓድ ናቸው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ደስ ብሏቸው ሲያጓሩ፣ ቤት ውስጥ ድራማውን በጉጉት የምትጠብቅ የልጅ ልጅ እንዳለቻቸው ትዝ እንኳ አላላቸውም።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ክፍል ሬዲዮኑን አቅፋ ሰማች። ጠንቋዩ "ጥላሽን አምጪ!" ብሎ ሲያንባርቅ ቀስ ብላ ዞረችና አያቷን አየቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ላይ አብራቸው መቆም ቀረ። መብራት ባለበት ክፍል ከተገናኙ ግድግዳውን ታክካ፣ ጥላዋን ከኋላዋ ሸሽጋ ታልፋለች።

"የኔ እናት፣ እኔኮ የተሰጠኝን ወረቀት ነው የማነበው።"

"ጠንቋይ ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። መናኸሪያ ሙሉ ሕዝብ ያሰለፉ ሰው አንዲት ፍሬ ልጅ ፊት ነሳቻቸውና ምግብ አልበላ አላቸው። ባለቤታቸው "አንተ ሰውዬ፣ ተዋት፣ ይለቃታል" ቢሉም አልተጽናኑም። ባይለቃትስ? አያትነታቸውን በገዛ አፋቸው ያጡት መሰላቸው። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላቸው፦ ልጅቷ በዓይኗ ትይ።

የመጨረሻው ክፍል በሚቀረጽበት ቀን ሴት አያቷ እየጎተቱ ስቱዲዮ አመጧት። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። በድራማው ውስጥ የሚሰማው ነጎድጓድ አንድ ሰው የሚያወዛውዘው ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። የጀግኖቹ አለቃ፣ ያ ደፋሩ ልጅ፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን ያወለቀች የልጆች እናት ናት። ልጅቷ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆና "ይሄው ነው?" አለችና ሳቀች። አባ ነጎድጓድ ሳቋን አይተው ተሳካ አሉ። ደስታው ጉልበት ሆናቸውና ሞታቸውን አሳምረው ሊሞቱ ተዘጋጁ።

ቀይ መብራት በራ። ጀግናዋ "ያዝ እንግዲህ!" ብላ ጮኸች። አባ ነጎድጓድ አቃሰቱ፣ ተንፈራገጡ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ዘጭ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለሬዲዮ ዓይን መጨፈን ባያስፈልግም፣ ሰውየው ሥራ ሲይዙ እንዲህ ናቸው።

በሩ ብርግድ አለ።

"አባባ!" ልጅቷ የጀግናዋን ሆድ በጡጫ ትነርተው ጀመር። "አትንኪው! ጥላውን ይመልስላችኋል፣ ተዉት!"

ቀረጻው ድብልቅልቁ ወጣ። ልጅቷ ፍራሹ ላይ ወድቃ አንገታቸውን አንቃ ይዛለች። አባ ነጎድጓድ ዓይናቸውን ቢገልጡም እንባው አላሳይ አላቸው።

አዘጋጁ ራሱን ይዞ ገባ። "አባ፣ ግሩም ነበር፤ ተበላሸ እንጂ። አንዴ ብቻ እንድገመው።"

"እኔ ሁለተኛ አልሞትም።"

"ታዲያ ታሪኩ በምን ይለቅ?"

"አልሰማሃትም እንዴ?" አሉ አባ ነጎድጓድ፣ ልጅቷን ሳያስለቅቁ ተንጠራርተው ማይክሮፎኑን ወደ ፍራሹ እያወረዱ። "ጥላውን እመልሳለሁ።"